«ተዪው» ብዬ የመከርኳት እህት

በዛሬው ጽሑፌ የማካፍላችሁ የራሴን ስህተት ነው። ታሪኩን የምናገረው በባለቤቶቹ ፈቃድ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ባለትዳር ቤቴ መጣች። ቀን መሥሪያ ቤቷ ትውላለች፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ልጇ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ኮርሶቿን ጨርሳ የመመረቂያ ጽሑፏን ጀምራለች። «እትዬ፣ ባለቤቴ ካኮረፈኝ ሰነበተ። ሌሊት ላፕቶፑን ስከፍት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። እኔም ብዙ ሳልጠይቃት «ልጄ፣ ዲግሪ ትዳርን አያቆምም፤ ተዪው» አልኳት። ምክሬን ሰምታ ተወችው።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱም አብረው መጡ። ኩርፊያው አልጠፋም፤ እንዲያውም አሁን ያኮረፈችው እሷ ነበረች። ባሏ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ እኔ እኮ እንድታቆም አልፈለግኩም። የፈለግኩት መቼ እንደሚያልቅ እንድትነግረኝ ብቻ ነበር» አለ። እኔ ግን ምን እንደምትማር፣ ምን ያህል እንደቀራት፣ ባሏን ያስከፋው ነገር ምን እንደሆነ አንዱንም አልጠየቅኋትም ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ምክር አገልግሎት የተማርኩ ሴት ሳላዳምጥ ፈረድኩ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቷን እንድታስረዳኝ ለመንኳት። እናንተም ባለቤታችሁ፣ ልጃችሁ ወይም የቤተ ክርስቲያናችሁ ወጣት ይህን የሚማር ከሆነ ይጠቅማችኋልና ላካፍላችሁ።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ኮምፒውተር ትማራለች» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ለቤተሰቡ ወጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ የ500 ሰው ሠርግ መደገስ ይችላል? አይችልም። ድግስ እንግዳ መቁጠር፣ በጀት መያዝ፣ ሥራ ማከፋፈል፣ ከመቅረቡ በፊት መቅመስ፣ የጎደለውን በጊዜ ማወቅ ይፈልጋል። ፕሮግራም መጻፍና ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግም እንዲሁ ይለያያሉ። አንደኛው ኮድ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰዎች አንድን ትልቅ ሶፍትዌር ለባንክ፣ ለሆስፒታል ወይም ለአውሮፕላን አስበው፣ ሠርተውና ፈትሸው ለዓመታት እየጠገኑ የሚያኖሩበት ሙያ ነው።

ይህ ስም በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1968 በጀርመን አገር ጋርሚሽ በተባለች ከተማ በኔቶ ድጋፍ ባለሙያዎች ተሰብስበው ከተወያዩ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ትልልቅ ሶፍትዌሮች ከታሰበላቸው ጊዜ ይዘገዩ፣ ከተመደበላቸው ገንዘብ በላይ ይፈጁ፣ ሲያልቁም ይሳሳቱ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲያትል ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ የአሜሪካ ተቋማት በሙያው የማስተርስ ትምህርት ጀመሩ፤ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲም በ1989 ተከተለ። ዛሬ በአገራችንም ይሰጣል።

ተማሪው ደንበኛው በእርግጥ የሚፈልገውን አዳምጦ መለየትን፣ ንድፍ ማውጣትን፣ መፈተሽን፣ የተሠራውን መጠገንንና የሰዎችን ሥራ መምራትን ይማራል። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ማዳመጥ ነው። እኔ የጎደለኝም እሱ ነበር።

የሠለጠነ ሰውም ይሳሳታል

እህታችን ካጫወተችኝ ሁሉ ልቤን የነካው የማርጋሬት ሃሚልተን ታሪክ ነው። ይህች ሴት ሰውን ወደ ጨረቃ ባደረሰው በአፖሎ መንኮራኩር ላይ የሚሠራውን ሶፍትዌር ያዘጋጀውን ቡድን የመራች ናት። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚለውን ስም ቀድመው ከተጠቀሙት ሰዎችም አንዷ ናት። ትንሽ ልጇን አንዳንድ ማታና ቅዳሜ እሁድ ወደ ሥራ ቦታዋ ይዛት ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ሕፃኗ በመለማመጃው መሣሪያ ስትጫወት ቁልፎች ነካች፤ በበረራ መካከል የመነሻውን ፕሮግራም አስጀመረችና ሥርዓቱ ተቋረጠ። እናትየዋ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚከለክል ጥበቃ ይጨመር ብላ ጠየቀች። የበላዮቿ ግን ጠፈርተኞቹ በሚገባ የሠለጠኑ ስለሆኑ አይሳሳቱም በማለት ሐሳቧን አልተቀበሉም። በዚያው በ1968 ዓመት በዲሴምበር ወር በአፖሎ 8 በረራ ላይ ጂም ሎቬል የተባለው ጠፈርተኛ ያንኑ ስህተት ሠራ፤ የአቅጣጫ መረጃውም ጠፍቶ ከምድር እንደገና መላክ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ጥበቃው ተፈቀደ። ሃሚልተን በ2016 የአሜሪካን የፕሬዚዳንት የነፃነት ሜዳይ ተሸለመች።

ወገኖቼ፣ ለትዳራችንስ ከዚህ የምንወስደው የለም? «እኛ የበሰልን ነን፣ አንጣላም» ብለን ጥበቃ ሳናበጅ ረጅም መንገድ እንጀምራለን።

መቼ ያልቃል?

የባሏን ጥያቄ አስታውሱ። በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄም ይኸው ነው። በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይብሱን እንደሚያዘገየው አስረድቷል። አዲስ የመጣውን ማስተማርና ከእርሱ ጋር መነጋገር ራሱ ጊዜ ይበላልና። እናቶች ይህን ታውቁታላችሁ፤ አሥር ሴት ሊጡን ከብባ ብትቆም ቶሎ አይቦካም።

የመመረቂያ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ኮርስ ሰዓትና የፈተና ቀን አለው። ጽሑፉ ግን ችግር መምረጥ፣ ቀደምት ጥናቶችን ማንበብ፣ ዕቅዱን ማስጸደቅ፣ ሠርቶ መለካት፣ መጻፍና በፈታኞች ፊት ቆሞ ማስረዳት ይጠይቃል። ደወል የሚደውልለት የለም፤ ስለዚህ የቤቱን ሌሊት ይወስዳል። በ2009 ለዚህ ማስተርስ የወጣው ዓለም አቀፍ የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ ገቢው ተማሪ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይመክራል። እንግዲህ ብዙዎች ወደዚህ ትምህርት የሚገቡት በሚያገቡበትና በሚወልዱበት ዕድሜ ነው ማለት ነው። ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከመጀመራችሁ በፊት

1. «ለምን?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። ትልቅ ሥራ ለመምራትም ይረዳል። ፕሮግራም መጻፍ ለመልመድ ብቻ ከሆነ ግን አጭር ሥልጠና ሊበቃ ይችላል። ለስም ብቻ የሚደረግ ትምህርት ለቤት ከባድ ሸክም ነው።

2. ዋጋውን ቁጠሩ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የምናነበውን አስቡ። የትምህርት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ትራንስፖርቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ የልጅ ጠባቂዋን፣ ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ጻፉት።

3. ሥራውን ቁረሱት። በዚህ ሙያ ብዙ ቡድኖች ሥራቸውን በሁለት በሁለት ሳምንት ከፋፍለው በየመጨረሻው ያለቀውን ያሳያሉ። እነዚህ ባልና ሚስት ይህንኑ ወደ ቤታቸው አመጡት። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ልጁ ሲተኛ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ምን አለቀ? ምን ቀረ? ምን አስከፋን? ባልየው «የሚያልቅበትን ቀን ባላውቅም እየቀነሰ መሆኑን ሳይ ቻልኩት» ብሎኛል።

4. የማይማረውን አክብሩ። ልጅ ያጠበ፣ እራት ያቀረበ፣ ሌሊት የተነሣ ሰው የዲግሪው ተካፋይ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ወንድ ሲማር ሚስቱን «ታገሺ፣ ለእናንተው ነው» እንላታለን፤ ሴት ስትማር ግን «ቤቷን በተነች» እንላለን። ይህን ከእኔ ጀምሮ ልንተወው ይገባል።

5. ማቆም ግድ ከሆነ በደብዳቤ አቁሙ። እህታችን በእኔ ምክር ያለ አንድ ወረቀት ቀረች። ልትመለስ ስትጠይቅ አማካሪዋ ሥራ ለቅቀዋል፤ አዲሱ አማካሪ ደግሞ ርዕሱን አልተቀበሉትም። የብዙ ወራት ንባቧ ባከነ፤ እንደገና ከዕቅዱ ጀመረች። ያ ጊዜ የእኔ ዕዳ ነው።

በመጨረሻ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ባቀረበች ቀን እኔም ሄጄ ነበር። አብረዋት የጀመሩት ከተመረቁ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ባሏ ልጁን አቅፎ በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። «አለቀ» አለችው። ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ይቅር ብላኛለች። ዛሬ አንዲት እህት ወይም አንድ ወንድም እንዲህ ባለ ጉዳይ ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ ሻይ አፈላለሁ። ከዚያም «የምትማሩት ምንድን ነው? ምን ያህል ቀራችሁ? የትዳር ጓደኛችሁስ ይህን ያውቃል?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ይላሉ።

በእናንተስ ቤት መልሱ ምን ይሆን? ዛሬ ማታ ተጠያየቁ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።