የአየርላንዱ ቴነር ባንጆ፦ ዜማው፣ ጌጡና የሦስቱ ምቶች ነገር

በአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች መካከል ቴነር ባንጆን ያህል የሚቀለድበት፣ የሚቀለድበትንም ያህል በቅጡ የማይመረመር መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። አራት ክሮች ያሉት ሲሆን፣ ድምፁ የሚጎላው እንደ ጊታር በእንጨት ሣጥን ሳይሆን በክብ ማቀፊያ ላይ በተወጠረ፣ ቀድሞ ቆዳ ዛሬ ግን በአብዛኛው ፕላስቲክ በሆነ ስስ ገጽ አማካይነት ስለሆነ፣ ማሲንቆን በቅርብ ያየ ሰው የአሠራሩን መሠረት ለመረዳት አይቸገርም። የባንጆ የዘር ሐረግ ከምዕራብ አፍሪካ ይመዘዛል፤ በባርነት ወደ ካሪቢያንና ወደ ሰሜን አሜሪካ የተጋዙ አፍሪካውያን ከቅልና ከቆዳ ይሠሩት የነበረው መሣሪያ በ1840ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሮች ላይ በሚያላግጡ ነጭ ተዋንያን እጅ ወደ ብሪታንያና ወደ አየርላንድ ተሻገረ። ባለ አራት ክሩ ቴነር ባንጆ ግን ከዚያ በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ለአሜሪካ የዳንስ ባንዶች የተሠራ ነው።

ከዋተርፎርድ ተሰደው በኒው ዮርክ የኖሩት የፍላናጋን ወንድማማቾች በ1920ዎቹ ባስቀረጿቸው ሸክላዎች ውስጥ የማይክ ፍላናጋን ባንጆ ጎልቶ ይሰማል። የዛሬውን መልክ በማስያዝ ረገድ ግን ከሁሉ በፊት ስሙ የሚነሣው በ1962 የተመሠረተው የደብሊነርስ ቡድን አባል ባርኒ መኬና (1939–2012) ሲሆን፣ ክሮቹን ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ አድርጎ መቃኘትን ያስፋፋው እርሱ ነው። ይህ ቅኝት የቫዮሊን ቅኝት ሆኖ በአንድ ኦክታቭ የወረደ በመሆኑ፣ ለቫዮሊን የሚስማማ ዜማ ሁሉ ለባንጆ ተጫዋችም ያለ ለውጥ ይመቸዋል። የዳንስ ባንዶች ቅኝት (ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ) ከዚህ በአራት የድምፅ ደረጃ ከፍ ያለ ስለነበረ፣ ለዚያ የተዘጋጀ ቀጭን ክር ገዝቶ ዝቅ አድርጎ የሚቃኝ ሰው ክሩ ላልቶ ሲንተፋተፍበት መሣሪያውን ይወቅሳል፤ መወቀስ የነበረበት ግን ወፍራም ክር ሳይጠይቅ ከሱቅ የወጣው ገዢ ራሱ ነው።

ዜማዎቹ በአብዛኛው የጭፈራ ዜማዎች ናቸው፦ ሪል በአራት ምት፣ ጂግ በሦስት በሦስት በተከፈለ ስድስት ምት፣ ሆርንፓይፕ ደግሞ በዝግታና በመወዛወዝ ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹም እያንዳንዳቸው ስምንት መለኪያ ያላቸው፣ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚደገሙ ሁለት ክፍሎች አሏቸው። የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ የነበረው የኮርክ ተወላጅ ፍራንሲስ ኦኒል በ1903 ያሳተመው ስብስብ 1850 ዜማዎችን ይዟል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ መጽሐፍ የዜማውን አጥንት እንጂ ሥጋውን ስለማይሰጥ፣ ዜማን በጆሮ ማጥናት አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው። መልካሙ መንገድ ዜማውን ማንጎራጎር እስኪቻል ድረስ ማዳመጥ፣ ቀጥሎም ያለ አንዳች ጌጥ በእኩል ምት መጫወት፣ ጌጡን ከዚያ በኋላ ማምጣት ነው።

ስለ ጌጥ ሲነሣ መቅደም ያለበት ጥያቄ ጌጡ ለምን እንዳስፈለገ ነው። ቫዮሊን ተጫዋች ሮል በሚባለው ጌጥ አንድን ረዥም ድምፅ ከላይና ከታች ባሉ አጎራባች ድምፆች ለቅጽበት እየቆራረጠ ያስጌጠዋል፤ ይህን የሚችለው ግን ደጋኑ ድምፁን ስለሚያቆይለት ነው። የባንጆ ውጥር ገጽ የክሩን ጉልበት ፈጥኖ ወደ ድምፅ ስለሚለውጠው፣ ድምፁ ጎልቶ የሚወጣበትም ቶሎ የሚሞትበትም ምክንያት አንድ ነው፤ ስለዚህ በግራ እጅ ብቻ የሚሠራ ጌጥ ገና ሳያልቅ የሚያስጌጠው ድምፅ ይጠፋበታል። ባንጆ ተጫዋቾች መፍትሔውን ወደ ቀኝ እጅ አዛወሩት፤ ፒክ በሚባለው መምቻ አንዱን ድምፅ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሦስት ጊዜ በፍጥነት ይመቱታል። ይህም ትሪፕሌት ይባላል።

በትሪፕሌት ዙሪያ ሥር የሰደደ ስሕተት አለ። በኖታ ላይ ሦስት እኩል ድምፆች ሆኖ፣ በላዩ 3 ቁጥር ተጽፎበት ስለሚታይ፣ ተማሪው የሁለት ድምፆችን ጊዜ በሦስት እኩል ቦታ ከፍሎ ይመታዋል፤ ኖታውን በኮምፒዩተር እያጫወተ የሚያጠናማ ይህንኑ እኩልነት እንደ እውነት ይቀበላል። ጥሩ ተጫዋች በሪል ውስጥ በአንድ ድምፅ ላይ የሚያሰማው ትሪፕሌት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ክፍፍል ያዘነብላል፦ ሁለቱ የመጀመሪያ ምቶች በጊዜው የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ይጨናነቃሉ፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻውን ይይዛል። እኩል የተከፈለው ለስለስ ብሎ ይንከባለላል፤ የተጨናነቀው ግን ይፈነዳል፣ ጨፋሪውንም ከመሬት የሚያነሣው ይኸኛው ነው። በሆርንፓይፕ ውስጥ በተከታታይ ደረጃ የሚወጡ ወይም የሚወርዱ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ወደ እኩልነት ስለሚጠጉ፣ ደንቡ ለሁሉም ቦታ አንድ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ የፒኩ አቅጣጫ ነው። በሪል ውስጥ ፒኩ ታች ላይ፣ ታች ላይ እያለ ስለሚሄድ ጠንካራው ምት ምን ጊዜም ወደ ታች ይመታል፤ ትሪፕሌት ግን ወደ ታች ጀምሮ ወደ ታች ስለሚያበቃ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጠንካራ ምትም ወደ ታች መሆን አለበት። ሁለት ተከታታይ የታች ምቶች እጁን ስለሚያስቸግሩት ተማሪው ሳያስበው ወደ ላይ ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ትሪፕሌት መጥቶ እስኪያቃናው ድረስ ዜማው ሁሉ የተገለበጠ አጽንዖት ይዞ ይጓዛል፣ ድምፆቹም ትክክል ሆነው ሳለ ምን እንደ ጎደለ ለሰሚው አይገለጥለትም። መድኃኒቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በእጅጉ የሳሳ ፒክ መምረጥ፣ ላላ አድርጎ መያዝ፣ ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ መምታትና ትሪፕሌቱን ከሚከተለው ድምፅ ጋር አራት አድርጎ መለማመድ ነው፤ ሦስቱን ለብቻቸው ነጥሎ ሺህ ጊዜ መደጋገም መውጫው የማይታወቅ በር እንደ መክፈት ነው።

ጌጡ የት ይግባ ለሚለው የቲፐራሪው ባንጆ ተጫዋች ጌሪ ኦኮነርና ባንጆ ተጫዋቿ አንጀሊና ካርቤሪ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እርሱ ዜማውን በፈጣን ምቶች ሲያጥለቀልቀው፣ እርሷ ምቱን አጽንታ በቁጠባ ታስጌጠዋለች። ለጀማሪ የሚበጀው የእርሷ መንገድ ነው፤ ቫዮሊን ተጫዋች ረዥም ድምፅ በሚይዝበት ቦታ አንድ ትሪፕሌት ማስገባት፣ ሲደገም ደግሞ ቦታውን መለወጥ ይበቃል። ድምፅ ባለበት ሁሉ ትሪፕሌት የሚወረውር ሰው፣ በተለይ ሙዚቀኞች በመጠጥ ቤት ተሰብስበው አብረው በሚጫወቱበት ማዕድ፣ የባልንጀሮቹን ዜማ ይሸፍናል።

በጂግ ነገሩ ይለያል። ብዙዎች ሦስቱን ድምፆች ታች፣ ላይ፣ ታች፣ እንደገና ታች፣ ላይ፣ ታች እያሉ ስለሚመቱ የየሦስቱ መነሻ ከባዱን የታች ምት ያገኛል፤ የሪልን ማፈራረቅ ወደ ጂግ የሚያመጣ ሰው ደግሞ ሁለተኛው ሦስትዮሽ በቀላሉ የላይ ምት ስለሚጀምርበት፣ አጽንዖቱን በጉልበት መመለስ ይኖርበታል። ይህን የሚችሉ ጎበዞች አሉ፤ ተማሪ ግን ከእነርሱ መጀመር የለበትም።