ሐሰተኛ የቢትኮይን መላኪያን ስለ መለየት

በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቢትኮይን የሚዳሰስ ገንዘብ አይደለም፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። መዝገቡ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ተገልብጦ ስለሚቀመጥ፥ ማንም ገልጦ ሊያየው ይችላል፤ ብቻውን ሊፍቀው ግን አይችልም። አዲስ ገጽ የሚጨመርበትም በአማካይ በየ10 ደቂቃው ነው።

አታላዮች ይህን ለማያውቅ ሰው ሁለት ወጥመድ ያጠምዳሉ። አንደኛው፥ «ቢትኮይን ሳይኖርህ የሚልክልህ ፕሮግራም አለን፤ ክፈልና ውሰድ» ማለት ነው። ገዢው ሲሞክረው ቁጥር ያያል እንጂ በመዝገቡ ምንም አይጻፍም፤ እንዲያውም ፕሮግራሙ የምሥጢር ቁልፉን ሰርቆ ያለውን ሊወስድበት ይችላል። ሌላውን ሊያታልል የተነሣ ራሱ ተታለለ ማለት ነው። ሁለተኛው፥ ለነጋዴ «ተልኮልሃል» የሚል ሥዕል አሳይቶ ዕቃውን ይዞ መሄድ ነው።

ስለዚህ ሻጭ የከፋዩን ስልክ ሳይሆን መዝገቡን ገልጦ፥ ገንዘቡ በራሱ አድራሻ መጻፉን ይመልከት። ለብዙ ገንዘብ 6 ማረጋገጫ፥ ማለትም 1 ሰዓት ያህል፥ መጠበቅ የተለመደ ነው። የሚያስቸኩል ከፋይም ይጠርጠር። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ ለአታላይ የተሰጠ ዕቃ ግን ተመልሶ አይለቀምም።