ተማሪው ያየውን ፈታኙ አያይም

የሕክምና ተማሪ የታካሚን ልብ ሲያዳምጥ እኔም ስቴትስኮፔን እዚያው ላይ አሳርፌ የሰማውን መስማት እችላለሁ። ጉበቱ አብጧል ካለኝም እጄን ሰድጄ አረጋግጣለሁ። የዓይንን ውስጥ ማያ የሆነውን ኦፍታልሞስኮፕ ይዞ ወደ ታካሚ ዓይን ሲጠጋ ግን በመሣሪያዋ ጠባብ ቀዳዳ የሚታየው ለእሱ ብቻ ነው። ቀና ብሎ «ኦፕቲክ ዲስኩ ደህና ነው፣ ደም ሥሮቹም ደህና ናቸው» ይለኛል፤ ዲስኩ የእይታ ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ክብ ቦታ ነው። አይቶ ነው ወይስ ከመጽሐፍ የሸመደደውን ነው የሚነግረኝ? የዓይን ሐኪም ሆኜ ተማሪዎችን መፈተን ከጀመርኩ ወዲህ የዚህን ጥያቄ ያህል ያሳሰበኝ የለም።

ከተማሪዎቻችን የዓይን ሐኪም የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ጠቅላላ ሐኪም ሆነው የዓይን ስፔሻሊስት በሌለበት ሆስፒታል ይመደባሉ። ብሌኑ ነጭ ሆኖ የታየ ሕፃን መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ነው፤ ያ ነጭ ነገር ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው ሕይወት የሚቀጥፍ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ ባስከተለው የኮርኒያ ጠባሳ የመጣ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ትራኮማን መከላከል ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ የሚለያቸው ሰው ያስፈልጋል።

ዛሬ የተግባር ፈተና በአብዛኛው የሚሰጠው ኦስኪ በሚባለው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንዷ ዳንዲ ያስተዋወቁት ነው። ደወል በተደወለ ቁጥር ተማሪዎች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዘዋወራሉ፤ ለሁሉም ሥራው አንድ፣ ደቂቃው አንድ፣ ፈታኙ የሚሞላው ቼክሊስትም አንድ ነው። ቀድሞ አንዱ ቀላል ሕመምና ገር ፈታኝ ሲደርሰው ሌላው አስቸጋሪ ሕመምና ቁጡ ፈታኝ ይገጥመው ስለነበር፣ ለተማሪው ትልቅ ፍትሕ ነው። ይሁንና ቼክሊስት የሚቆጥረው እንቅስቃሴን ነው። ራሱን አስተዋወቀ፣ እጁን ታጠበ፣ መብራት ቀነሰ፣ ተጠጋ። ሁሉም ላይ ምልክት ተደርጎለት ምንም ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ ብርሃኑን እከተላለሁ። ከጎን ቆሞ ለሚያስተውል ብዙ ይታያል። የታካሚዋን ቀኝ ዓይን በቀኝ ዓይኑ፣ ግራውን በግራው ነው የሚያየው? መጀመሪያ በክንድ ርቀት ቆሞ ብሌኗ ውስጥ ቀዩን ነጸብራቅ ፈለገ? ከዚያስ በጆሮዋ በኩል ትንሽ ሰያፍ ይዞ፣ ነጸብራቁን ሳይለቅ ግንባሩ ግንባሯን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ? ብዙዎች እዚህ ያፍራሉ፤ ስንዝር ሲቀራቸው ይቆማሉ። ከዚያ ርቀት ላይ ዲስኩን አገኘሁ ማለት ዘበት ነው። ክቧ ብርሃን የታካሚዋ ዓይን ቆብ ላይ አርፋ ሳለ «ዲስኩ ደህና ነው» የሚል ተማሪ አጋጥሞኛል። መሣሪያዋ 15 እጥፍ ያህል አጉልታ የምታሳየው ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ደም ሥር ይዞ እሱን እየተከተሉ ዲስኩ ጋ መድረስን መልመድ የግድ ነው።

ከዚያ የአራት ሰዎች የዓይን ውስጥ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ። «የእሷ የትኛው ነው?» እላለሁ። ያየ ሰው የደም ሥሮቹን አካሄድና በዲስኩ መሐል ያለውን ጉድጓድ ስፋት አስታውሶ ይለያል። ያላየ ይገምታል፤ በሌላ ታካሚ ሲደገምበት ግምቱ አያዛልቀውም።

«አላየሁም» ብሎ ለሚነግረኝ ተማሪም ነጥብ እሰጣለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ ካላየ ምን ሠራና ነው ይላሉ። ሥራ ላይ ግን «አላየሁም» ያለ ሐኪም ለታካሚው ሪፈር ይጽፍለታል። ሳያይ «ደህና ነው» ብሎ የጻፈው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት ጨምሮ ዲስኩ ያበጠበትን ሰው ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

ከኦፍታልሞስኮፕ የሚቀድመው የእይታ መጠን መለካት ነው፤ ተማሪዎች ደግሞ የሚዘሉት እሱን ነው። ታካሚው በ6 ሜትር ርቀት ሆኖ አንድ ዓይኑን በመዳፉ መሸፈን አለበት፤ በጣቶቹ ከሸፈነ አሾልኮ ያያል። አንድ ፈተና ላይ ተማሪው በዕድሜ የገፉ እናትን «እማማ፣ ፊደሉን ያንብቡልኝ» አላቸው። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉት። እሱም አያዩም ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ። እግሮቹ ወደ አራት አቅጣጫ የሚዞሩት የኢ ሰሌዳ አጠገቡ ተሰቅሎ ነበር፤ አቅጣጫውን በእጃቸው ቢያሳዩት በቂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ጣቢያ ያለ ኢ ሰሌዳ፣ ፊደል ያልቆጠረ ታካሚም ሳይኖርበት አላዘጋጅም።

ተማሪዎች የሚዘሉት ሌላው ነገር የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ትራኮማን መፈለግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው አመዳደብ፣ በተገለበጠው ቆብ መካከለኛ ክፍል ላይ ስፋታቸው ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ 5 ወይም ከዚያ በላይ ነጫጭ እብጠቶች ከታዩ ትራኮማው ንቁ ነው። ለትራኮማ ዳሰሳ የሚሰማሩ መርማሪዎች ብቃታቸው የሚለካበትን መንገድ ለተማሪዎቻችንም እመኛለሁ፤ ያዩት ነገር ልምድ ያለው መርማሪ ካየው ጋር ይነጻጸራል፣ በአጋጣሚ የሚገጥመው ተቀንሶ ስምምነታቸው ከ1 ቢያንስ 0.7 ካልደረሰ አይሰማሩም።

አሁን ስልክ ካሜራ ላይ የሚገጠሙ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ተማሪውና እኔ አንድ ስክሪን ላይ አብረን እናያለን። ለማስተማር እጅግ ጠቅመውኛል። ለፈተና ግን አሁንም የእጅ ኦፍታልሞስኮፑን ነው የምሰጣቸው፣ በሚመደቡበት ሆስፒታል ቢያገኙ የሚያገኙት እሱን ነውና። ብርሃኑ ዓይን ስለሚያደክም አንድን ታካሚ ለብዙ ተማሪ አላስቀምጥም። ተማሪው ከወጣ በኋላም «አሳመመዎት? ምን ሊያደርግ እንደሆነ ነገረዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሳቸው ከነጥቡ ጋር ይደመራል።