ሕፃን ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከማን ነው?

ልጅ መናገር ሲጀምር "አፉን ፈታ" እንላለን። ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ወራት ግን ብዙዎቻችን የዝምታ ጊዜ አድርገን እንቆጥራቸዋለን። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ያለቅሳል፤ የቋንቋው ነገር ገና ነው ብለን እናስባለን። እናት ወደ ሥራ ስትመለስና የቤቱ ጣጣ ሲበዛ ሕፃኑን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ የእንግሊዝኛ የልጆች ፊልም መክፈት ምንም ጉዳት የሌለው፣ እንዲያውም ጥቅም ያለው ነገር ይመስላል። "ቢያንስ እንግሊዝኛውን ይለምዳል" ሲባል እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም።

ይህ አባባል ምን ያህል እውነት ነው? ጥያቄውን በሕፃናት ላይ በቀጥታ የፈተነ አንድ የምርምር ማዕከል አለ። የሚገኘው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ስሙም የመማርና የአንጎል ሳይንሶች ኢንስቲትዩት ይባላል። የማዕከሉ ተመራማሪዎች ያገኙት መልስ ለእኛም ቤት የሚሆን ቁም ነገር ስላለው በዚህ ወር ልናካፍልዎ ወደድን።

ሁለቱ ተመራማሪዎች

ማዕከሉን ለረጅም ዓመታት በጋራ የመሩት ፓትሪሺያ ኩል እና አንድሩ ሜልትዞፍ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። እርሳቸው የንግግርና የመስማት ሳይንስ ባለሙያ ናቸው፤ ባለቤታቸው ደግሞ የሕፃናት ሥነ ልቦና ተመራማሪ። ሜልትዞፍ ስማቸው የገነነው እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት ነው። ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ገና የሁለትና የሦስት ሳምንት ሕፃናት ምላስ ሲወጣላቸው ምላሳቸውን፣ አፍ ሲከፈትላቸው አፋቸውን እንደሚከፍቱ ጻፉ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ተመሳሳይ ውጤት አላገኘንም በማለታቸው ጉዳዩ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ሁለቱ በጋራ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ለአራትና ለአምስት ወር ሕፃናት የአንዲት ሴት ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንዱ ሴትዮዋ "አ" ትላለች፣ በሌላው "ኢ"። ድምፁ የሚወጣው ግን ከመሐል ነው። ሕፃናቱ የሚሰሙትን ድምፅ የሚያወጣውን አፍ ለይተው፣ ያንን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ልጆች አንድም ቃል መናገር አይችሉም። ነገር ግን ንግግር ከሰው ፊት ጋር የተያያዘ ነገር መሆኑን አውቀዋል።

ከአፍ በፊት ጆሮ

መናገር የማይችልን ልጅ "ይህንን ድምፅ ከዚያኛው ትለያለህ?" ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? ኩልና ባልደረቦቻቸው የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል። አንድ ድምፅ በተደጋጋሚ ይሰማዋል። ድምፁ ሲለወጥ በጎኑ ያለው ሳጥን ይበራና አሻንጉሊት ድብ ከበሮ ይመታል። ሕፃኑ ይህንን ከተረዳ በኋላ የድምፁን ለውጥ እንደሰማ ድቡን ፍለጋ አንገቱን ያዞራል። እናቲቱ ሳታውቀው ፍንጭ እንዳትሰጠው በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ትሰማለች።

በዚህ ዘዴ የአሜሪካና የጃፓን ሕፃናት የእንግሊዝኛን "ር" እና "ል" መለየት ይችሉ እንደሆነ ተፈተኑ። ጃፓንኛ እነዚህን ሁለት ድምፆች አይለይም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ የሁለቱ አገር ልጆች እኩል ነበሩ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ሲደርሱ ግን የአሜሪካኖቹ ልጆች ችሎታ ጨመረ፣ የጃፓኖቹ ቀነሰ። የተለወጠው በቤታቸው የሚሰሙት ቋንቋ ነው።

ነገሩን ወደ ራሳችን ቋንቋ እናምጣው። "መጣ" እና "መታ" ለእኛ የማይምታቱ ሁለት ቃላት ናቸው። አማርኛን በጎልማሳነቱ የሚማር የውጭ አገር ሰው ግን "ጠ" እና "ተ"ን፣ "ቀ" እና "ከ"ን ለመለየት ምን ያህል እንደሚቸገር አይተው ይሆናል። የእርስዎ ልጅ ጆሮ ግን "ማማ" ሳይል በፊት በቤት ውስጥ የሚሰማውን ቋንቋ ድምፆች መያዝ ጀምሯል። ስለዚህ አፍ ከመፈታቱ በፊት ጆሮ ይፈታል ማለት ነው።

አምስት ሰዓት ጨዋታ

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የኩል ጥናት ይህንኑ የሚመለከት ነበር። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ወደ ቤተ ሙከራው መጡ። በቤታቸው ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ሰምተው አያውቁም። በአራት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቀን ለ25 ደቂቃ፣ ቻይንኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ወለል ላይ አብረዋቸው ተቀምጠው መጽሐፍ እያነበቡና በአሻንጉሊት እያጫወቱ በቻይንኛ አናገሯቸው። ሲደመር አምስት ሰዓት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለእኛ ጆሮ "ሺ" እና "ቺ" የሚመስሉ፣ እንግሊዝኛ የማያውቃቸው ሁለት የቻይንኛ ድምፆችን መለየት ይችሉ እንደሆነ ተፈተኑ። ቻሉ። ውጤታቸውም በታይዋን ከተወለዱ ጀምሮ ቻይንኛ ሲሰሙ ከኖሩ እኩዮቻቸው የሚተናነስ አልነበረም።

ሌሎች ሕፃናት ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች፣ እነዚያኑ መጻሕፍትና አሻንጉሊቶች፣ ለዚያው ያህል ጊዜ በቴሌቪዥን አዩ። ሌሎቹ ድምፁን ብቻ ሰሙ። በቴሌቪዥን ያዩት ሕፃናት ዓይናቸውን ተክለው ይመለከቱ ነበር፤ ለወላጅ ዓይን የሚማሩ ይመስላሉ። ሲፈተኑ ግን ቻይንኛ ፈጽሞ ካልሰሙት ልጆች አልተሻሉም። ድምፅ ብቻ የሰሙትም እንዲሁ።

ለምን? ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት የሕፃን አንጎል ዝም ብሎ ድምፅ አይቀዳም፤ ከሚወደውና ከሚያየው ሰው ጋር ሲገናኝ ነው ለመማር የሚከፈተው። ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ያያል፣ ሰውየው ወደሚያየው ነገር ይመለከታል፣ "ይህ ነገር ስሙ ይህ ነው" ብሎ ያያይዛል። ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣም ሰውየው ቆም ይልና ይመልስለታል። ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም፤ ልጁ አየ አላየ፣ ሳቀ አለቀሰ የራሱን ይቀጥላል። ሜልትዞፍና ባልደረባቸው ባደረጉት ሌላ ጥናትም በአሥርና በአሥራ አንድ ወራቸው የትልቅ ሰውን ዓይን ተከትለው የሚያዩ ሕፃናት በኋላ የተሻለ ቋንቋ ነበራቸው።

ሁለት ቋንቋ ልጅን ያምታታል?

ይህ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ትልቅ ጥያቄ ነው። "በእንግሊዝኛው ወደ ኋላ እንዳይቀር" ብለው አማርኛውን የሚተዉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። እዚህ አዲስ አበባም አያቱ የሚሉትን የማይሰማ፣ አያቱም የሚለውን የማይረዱለት ልጅ ማየት እየተለመደ ነው።

ማዕከሉ የሕፃናትን አንጎል በንግግር ጊዜ የሚመለከትበት መሣሪያ አለው። ሲያዩት የፀጉር ቤት ማድረቂያ ካስክ ይመስላል። ድምፅ የለውም፣ ጨረር አይለቅም። የነርቭ ሴሎች ሲሠሩ የሚፈጥሩትን እጅግ ደካማ የሆነ መግነጢሳዊ ኃይል ከውጭ ሆኖ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በቤታቸው እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ እና እንግሊዝኛና ስፓኒሽ የሚሰሙ የ11 ወር ሕፃናት በዚህ መሣሪያ ታዩ። ባለ አንድ ቋንቋዎቹ አንጎል ለእንግሊዝኛ ድምፆች ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን የባለ ሁለት ቋንቋዎቹ ለሁለቱም ተዘጋጅቶ ተገኘ። በእንግሊዝኛውም ወደ ኋላ አልቀሩም። በተጨማሪም ትኩረትን በሚቆጣጠረው የፊተኛው የአንጎል ክፍል የበለጠ እንቅስቃሴ ታይቶባቸዋል።

ስለዚህ ልጅዎ አንዱን ቃል በአማርኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ቀላቅሎ ቢናገር አይደንግጡ። የሁለት ቋንቋ ልጅ ቃላቱን በሁለት ጆንያ እንደያዘ ሰው ነው፤ የአንዱን ብቻ ቢቆጥሩ ያነሰ ይመስላል፣ ሁለቱን ሲደምሩት ግን ይሞላል።

እንግሊዝኛውስ? ተመራማሪዎቹ በስፔን ማድሪድ ከተማ በአራት የመንግሥት የሕፃናት ማቆያዎች 280 ልጆችን ይዘው ሞከሩት። የሠለጠኑ ወጣት አስተማሪዎች በቀን አንድ ሰዓት፣ ለ18 ሳምንት በእንግሊዝኛ አጫወቷቸው። በመጨረሻ ልጆቹ በሰዓት በአማካይ 74 የእንግሊዝኛ ቃላትና ሐረጎች ሲናገሩ በተለመደው መንገድ የተማሩት 13 ብቻ ተናገሩ። የደሃ ሰፈር ልጆችም የተሻለ ገቢ ካላቸው ልጆች እኩል ተጠቅመዋል። እዚህም ያስተማረው ሰው ነው።

"እንዴት አደርክ የኔ ጌታ!"

ትልቅ ሰው ሕፃን ሲያናግር ሳያስበው ድምፁን ቀጠን፣ ንግግሩን ዝግ፣ ቃሉን ሳብ ያደርጋል። "አዪዪ የኔ ቆንጆ! እራትሽን በላሽ?" ስንል ፊታችን ሁሉ ይስቃል። ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ፣ የሩሲያና የስዊድን እናቶችን ንግግር ሲለኩ ሦስቱም ሕፃናቸውን ሲያናግሩ አናባቢዎቹን አጉልተው እንደሚያወጡ አገኙ። ይህ አነጋገር ለልጁ ድምፆቹን ለይቶ ያሳየዋል። እየተኮላተፉ ቃሉን ማበላሸት ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ትክክለኛ ይሁን፣ ዜማው ግን የሕፃን ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናታቸው ደግሞ ይህ አነጋገር ለወላጅ ሊሠለጥን እንደሚችል አሳየ። ልጆቹ ስድስት፣ አሥርና አሥራ አራት ወር ሲሆናቸው ወላጆች ምክር ተሰጣቸው። የቤታቸው ንግግር በልጁ ሰደርያ ኪስ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ መቅጃ ተቀዳ። በ18 ወር ላይ ምክር ያገኙት ቤተሰቦች ልጆች በአማካይ ወደ 100 የሚጠጉ ቃላት ሲያውቁ የሌሎቹ ወደ 60 ነበሩ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ደርዘን ቤተሰቦች ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ሕግ አይያዙት። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ለእርስዎ ቤት ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ፣ ልጅዎን አፍዎን በፈቱበትና በሞሉበት ቋንቋ ያናግሩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከሚሰጡት አሥር ቃል ይልቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በጉራጊኛ የሚያወሩለት ረጅም ጨዋታ ይበልጥበታል።

ሁለተኛ፣ ተራ ይስጡት። "ቡ" ሲል ዝም ይበሉና ያዳምጡት፣ ከዚያ "አዎ! ብርቱካን ነው፤ ብርቱካን ትፈልጋለህ?" ብለው ይመልሱለት። ጊዜ የለኝም ካሉ የተለየ ሰዓት አያስፈልግም። ሲያጥቡት፣ ሲያለብሱት፣ ሽንኩርት ሲልጡ የሚያደርጉትን ይንገሩት።

ሦስተኛ፣ ሞግዚቷን ያስቡ። እርስዎ ቢሮ ሲሆኑ ልጁን የምታናግረው እርሷ ናት፤ በእርግጥም የመጀመሪያ አስተማሪው ናት። ከሕፃኑ ጋር እንድትጫወት እንጂ እንድትጠብቀው ብቻ አይዘዟት፤ ለዚህም ከሌላው ሥራ ጊዜ ይስጧት። አፏን የፈታችው በወላይትኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ በዚያው ታናግረው። በሲያትል በአምስት ሰዓት ጨዋታ የቻይንኛ ድምፅ የያዙትን ልጆች ያስታውሱ፤ ለልጅዎ አንድ ቋንቋ በነፃ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ስክሪኑን በዕድሜው ልክ ያድርጉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከዚያ በላይ እስከ አራት ዓመት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከአያት ጋር በቪዲዮ መነጋገር ግን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች በቪዲዮ ጥሪ ከሚያናግራቸውና ከሚመልስላቸው ሰው አዲስ ቃል ተምረዋል፤ ቀድሞ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን አልተማሩም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእማማ የሚደወለው ስልክ እንግዲህ ወግ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም፣ ልጅዎ ድምፅ ሲሰማ የማይዞር፣ ዓመት ሞልቶት ድምፅ እያወጣ የማይጫወት ወይም ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ከመሰለዎ "ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል" ብለው አይጠብቁ። የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወስደው ጆሮውን ያስመርምሩት።

ልጅዎ ዓመት ካለፈውና ይህን እያነበቡ "አረፈደብኝ" ብለው ከተጨነቁም አይስጉ። በሩ በአንድ ቀን አይዘጋም፤ ልጆች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቋንቋን በቀላሉ ይማራሉ። ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ያጥፉና ፊት ለፊቱ ይቀመጡ። ያናግሩት፤ እስኪመልስልዎም ይጠብቁት።