የአንዲስ እሳት ለምን መሐል ላይ ተቋረጠ?

እስቲ የቺሊን ካርታ ዘርጉ። የአንዲስ እሳተ ገሞራዎች ከሰሜን ተሰልፈው ወደ ደቡብ ይወርዱና ሐድሰን የሚባለው ተራራ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ሐድሰን እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈነዳ አመዱ አርጀንቲናን አቋርጦ ባሕር ተሻግሯል። ከእሱ በስተደቡብ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይህ ነው የሚባል እሳተ ገሞራ የለም። ምን ነካው?

መጀመሪያ ሰልፉ ራሱ ከየት መጣ? የውቅያኖሱ ወለል በአህጉሩ ሥር እየገባ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም በዓለቱ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ነው። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሲደርስ ሙቀቱና ጫናው ውሃውን ያስለቅቁታል። ውሃ የገባበት የጋለ ዓለት ደግሞ ቶሎ ይቀልጣል። እሳቱን የሚያመጣው ውሃ ነው ማለት እኮ ነው!

አሁን ወደ ዋናው። ሰልፉ በሚቋረጥበት አካባቢ፣ በቺሊ ዳርቻ ባለው በታይታዎ ባሕረ ገብ መሬት አጠገብ፣ የሚሰምጠው ወለል አንድ ወጥ አይደለም፤ በሰሜን የናዝካ፣ በደቡብ የአንታርክቲክ ንጣፍ ነው። ሁለቱም በአህጉሩ ሥር ይገባሉ፤ ናዝካ በዓመት 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንታርክቲክ 2 ገደማ። ስለዚህ እርስ በርስ ይራራቃሉ። በስንጥቃቸው ቅልጥ ዓለት ይወጣል፣ ባሕሩ ያቀዘቅዘዋል፣ አዲስ ወለል ይሆናል። (እንዲህ ያለ መሰንጠቅ በየብስ ላይ ማየት ያማረው አፋር ይውረድ፤ ኤርታሌ እዚያ አለላችሁ።) ጉዱ ምን መሰላችሁ? እዚህ ቺሊ ስንጥቁ ራሱ አህጉሩ ሥር ገባ!

የበራልኝ እዚህ ላይ ነው። ወተት አፍልታችሁ ክፍቱን ብትተዉት ስልባቦት ይይዛል። ክዳን ከገጠማችሁበት ግን ስልባቦት የለም። አህጉሩ ክዳኑ ነው! ከሥሩ የገባው ስንጥቅ የሚያቀዘቅዘውን ባሕር አጣ፤ ቅልጡም ወደ ንጣፍነት መርጋቱ ቀረ። ንጣፎቹ ግን መራራቃቸውን አልተዉም። ታዲያ በመሐላቸው ምን ይኖራል? እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት! ጂኦሎጂስቶች መስኮት ይሉታል።

ከዚያማ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። በመስኮቱ በኩል የሚሰምጥ ንጣፍ የለም፤ ንጣፍ ከሌለ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ ሰልፉ ይቋረጣል። በምትኩ የጥልቁ ግለት በመስኮቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ከአንዲስ በስተምሥራቅ በአርጀንቲና ፓታጎኒያ አምባዎች ላይ ከፈሰሰው ባዛልት ብዙውን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ወደ ደቡብ ጫፍ፣ እንደ በርኒ ያሉ ጥቂት እሳተ ገሞራዎች ብቅ ይላሉ። እዚያ የሚሰምጠው የአንታርክቲክ ወለል ገና ወጣትና ትኩስ ስለሆነ ውሃ ለቆ ብቻ አያበቃም፤ ራሱም አብሮ ይቀልጣል!