የሚና ጨዋታን በራስ እጅ መሥራት
አንድ ወጣት በእንሴኖ ገበያ በርበሬ ይዞ ቆሟል እንበል። ነጋዴው «በደንብ ደርቋል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ወጣቱ እርጥበቱን ከደበቀ ለጊዜው የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ በቀጣዩ ገበያ ግን ያው ነጋዴ ፊቱን ያዞርበታል። ይህ ታሪክ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ሲቀርብ የሚና ጨዋታ ይባላል። ተጫዋቹ የወጣቱን ሚና ወስዶ ይመርጣል፤ ምርጫውም የታሪኩን ሂደት ይለውጣል።

ይህን ለመሥራት የግድ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። በክፍያ የሚገኘው «አርፒጂ ሜከር» የተሰኘ የጃፓን ሶፍትዌር፣ ኮድ መጻፍ የማይችሉ ሰዎች ካርታ፣ ገጸ ባሕርያትና ንግግር እንዲያዘጋጁ ያስችላል። «ጎዶት» በነፃ ይገኛል፤ ጥቂት ኮድ መማርን ግን ይጠይቃል።

በሁለቱም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ነጋዴው መታለሉ በጨዋታው ውስጥ ይመዘገባል፤ ወጣቱ ሲመለስ ሶፍትዌሩ ምዝገባውን አይቶ ነጋዴውን በቁጣ ያናግረዋል። አድካሚው ሥራም ይኸው ነው። ምርጫ በጨመረ ቁጥር የሚጻፈው ንግግር ይበዛል፤ ሰፊ ዓለም አልሞ የተነሣ ጀማሪም መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ሦስት ቤትና አንድ ገበያ ለመነሻ ይበቃሉ።

በአገራችን ቅኔ ጌምስ ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ» አቅርቧል፤ እርሱ ግን የሩጫ ጨዋታ ነው። ለሚናው ዓይነት የሚቀርበው፣ የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በ2016 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ተረቶች መነሻነት ያወጣው «ኦሪዮን» ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጨዋታውን ከዚህ ቀደም ላላየው ሰው ሰጥቶ፣ ምንም ሳይናገሩ አጠገቡ መቀመጥ ይገባል። ታሪኩ የት እንደሚያደናግር የሚታወቀው ያኔ ነው።