ድሬዳዋና አዲስ ገቢዎቿ

ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረርን እንዲያገኝ ነበር። ተራራውን መውጣቱ ወጪው ስለበዛ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ቦታ ደረሰ። የሶማሌና የኦሮሞ ጎሣዎች ከብት የሚያሰማሩበት ሜዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች፣ ከመሐል አገር የመጡ የሐዲድ ሠራተኞችና ከሐረር የወረዱ ባለሱቆች የሚኖሩባት ከተማ ሆነ። ከዚራ የሚባለው ሠፈር ለባቡር ኩባንያው ሠራተኞች በዕቅድ ተሠራ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ገበያውን ተከትሎ አደገ። ስለ እንግዳ አቀባበል ሲነሳ ድሬዳዋ ቀድማ የምትጠቀሰው የቆመችው ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች ስለሆነ ነው።

ዛሬ ወደ ከተማዋ የሚገባው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ገጠር መሬት አልበቃ ብሎት ሥራ ፍለጋ የሚወርድ ወጣት አለ። በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወርዶ ባሕር ተሻግሮ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት የሄደና መንገድ ላይ ተይዞ ወይም ታሞ የተመለሰ አለ። በ2010 መጀመሪያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተቀሰቀሰው ግጭት ቤቱን ጥሎ የመጣ ተፈናቃይ አለ። ከሶማሊያ፣ ከየመንና ከሌሎች ጎረቤት አገሮች የተሰደደም አለ። ሕጉ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ስምና የተለየ መሥሪያ ቤት አለው። ተከራይ የሚፈልገው የቤት ባለቤት ግን ሁሉንም የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «ማን ያውቅሃል?»

ይህን ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሲመልሱ የኖሩት ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት የጎረቤትና የወዳጅ ማኅበር ለሠርግም ለሐዘንም የሚቆም ነው፤ የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹ ለብቻ ይደራጃል። ይህ ሥርዓት በሐረሪዎች ብቻ ሳይወሰን ወደ ኦሮሞና አርጎባ ጎረቤቶቻቸውም ተዛምቷል። ከመሐል አገር የመጣው ደግሞ እድሩን ይዞ መጣ። ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፣ ለቀስተኛ ይቀበላሉ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣሉ። ለአዲስ ገቢ ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ስሙ በእድር መዝገብ የሰፈረ ሰው ሰፈሩ ያውቀዋል። ሱቅ በዱቤ ይሰጠዋል፤ ልጁ ሲታመም ሌሊት የሚያንኳኳው በር አለው፤ ሥራ ሲገኝ ይነገረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገር ችግር አለ። የቆየ እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አለው። አዲስ አባል ሲገባ ከዚህ ንብረት ድርሻ እንደሚያገኝ ስለሚታሰብ መግቢያ ይጠየቃል፤ እድሩ በከበረ ቁጥር መግቢያውም ይጨምራል። የወር መዋጮውን የማያጣ የቀን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚከፈለውን መግቢያ ግን አያገኝም። ስለዚህ እድር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ውጭ ይቀራል። አንዳንድ እድሮች መግቢያውን በየወሩ ከመዋጮው ጋር ከፋፍለው ይቀበላሉ፤ በእኔ አመለካከት ከብዙ ውድ ፕሮጀክቶች በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ትንሽ ውሳኔ ነው።

ሴቶቹ በሌላ በኩል ይቀድማሉ። እቁብ፣ በሶማሌ ሴቶች ዘንድ ሀግበድ የሚባለው፣ መግቢያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እምነት ነው። ቀፊራ ገበያ አትክልትና ቅመም የምትሸጥ ሴት አጠገቧ ጉሊት የዘረጋችውን አዲስ ሴት ጥቂት ሳምንት ትታዘባታለች። ዕቃዋን አደራ ትታ ደርሳ ትመለሳለች፣ ዝርዝር ታበድራታለች፣ መመለሷን ታያለች። ከዚያ በኋላ ነው «እቁብ ትገቢያለሽ ወይ?» የምትላት። የመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች ለነባሮቹ ይወጣሉ፤ አዲሷ ወደ መጨረሻ ትደረጋለች። ይህ አድልዎ ቢመስልም ዋስ የሌላትን ሴት ያለ ዋስ የሚያስገባ ብልሃት ነው፤ ዕጣዋ እስኪደርስ የምትከፍለው ገንዘብ ራሱ ዋስ ይሆናታል። አንዴ ከወሰደች በኋላ በሚቀጥለው ዙር እንደማንኛዋም አባል ትታያለች።

ማኅበራቱ የማይከፍቱት በር የቀበሌው ነው። በአገራችን መታወቂያ የሚወጣው ከቀድሞው ቀበሌ በሚመጣ መሸኛ ነው። ተፈናቃይ መሸኛ ከየት ያምጣ? የሸሸው ከዚያው ቀበሌ ነው፤ ጸሐፊውም አብሮት ተፈናቅሎ ሊሆን ይችላል። ከየመን የተመለሰው ወጣት ደግሞ ወረቀቱ ደላላ እጅ ወይም ባሕር ውስጥ ቀርቷል። ባለጉዳዩ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስሙን ይናገራል፤ ሠራተኛው መዝገቡን ያያል፤ ስሙ የለም። ሠራተኛውም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መመሪያው ወረቀት ይጠይቀዋል። መታወቂያ ከሌለ ሲም ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ የነፃ ሕክምና፣ የሥራ ዕድል ፈጠራ ብድር ሁሉም ይዘጋል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። በጣት አሻራና በዓይን ምስል የሚመዘግብ በመሆኑ የሰውየውን ማንነት ከቀበሌው መዝገብ ነጥሎ ያረጋግጣል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለስደተኞችም መሰጠት ጀምሯል።

በፕሮጀክት መልክ የሚሠራው ሥራ በብዛት የሚታየው ከስደት ተመላሾች ላይ ነው። ድሬዳዋ ለጅቡቲ መንገድ ቅርብ ስለሆነች የሚሄደውም የሚመለሰውም ያርፍባታል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ በከተማዋ የፍልሰተኞች ድጋፍ ማዕከል ያንቀሳቅሳል፤ ተመሳሳይ ማዕከላት መተማ፣ ሰመራና ሞያሌም አሉ። በእነዚህ ማዕከላት መንገደኛው ያርፋል፣ ይበላል፣ ይታከማል፣ ከአማካሪ ጋር ይነጋገራል፣ ወደ ቤቱም መጓጓዣ ያገኛል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ከጅቡቲ የተመለሱ በርካታ ኢትዮጵያውያን በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በለይቶ ማቆያ ቆይተዋል። ተማሪው ወደ ቤቱ ሲሄድ ማደሪያው ለተመላሽ ተለቀቀ፤ ምግብና አልባሳት ለማሰባሰብ የከተማው ወጣትም ተንቀሳቅሷል።

ማዕከሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው ከባዱ ሥራ የሚጀምረው። ሳዑዲ ዓረቢያ በኅዳር 2006 ዓ.ም. ማባረር ስትጀምር ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራችን ተመልሰዋል። ያኔ ዝግጅት አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. የተመላሾችን መልሶ ማቋቋም የሚመለከት መመሪያ ቁጥር 65/2010 ወጣ፤ በአውሮፓ ኅብረትና በፍልሰት ድርጅቱ የጋራ ፕሮግራምም ብዙዎች ሥልጠናና የሥራ መነሻ አገኙ። ድጋፉ በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ነው፤ ለአንዱ በግና ፍየል፣ ለሌላው የሱቅ ሸቀጥ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተመላሹ ለደላላ የተበደረው ዕዳ አለበት፣ ጥሬ ገንዘብ ካገኘ አበዳሪው ይቀድመዋል። ሆኖም ዕቃ ስለተሰጠው ዕዳው አይጠፋም። አባቱ በሬ ሸጦ የላከው ልጅ ባዶ እጁን ሲመለስ ፊት ለፊት የሚያየው አባቱን ነው። ወደ ሐረርጌ መንደሩ ላለመመለስ ድሬዳዋ የሚቀረው ስለዚህ ነው፤ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ከሦስት ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የባጃጅ ረዳት ወይም ተሸካሚ ይሆናል። ለቤተሰብ ዕዳ ሽምግልና የሚቀመጥ፣ አበዳሪውን ጊዜ የሚለምን ሰው ከፕሮጀክቶቹ በጀት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ያን ሥራ የሚችሉት አባ ገዳዎች፣ ኡጋሶች፣ የሃይማኖት አባቶችና የእድር ዳኞች ናቸው።

የተፈናቃዮቹ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ተመላሹ ቤት አለው፣ መግባት ይከብደዋል እንጂ። ተፈናቃዩ ቤቱን አጥቷል። በ2010 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሱት በጊዜያዊ መጠለያና በዘመድ ቤት ተጠልለዋል። ዘመድ ቤት የገቡት ከመጠለያው ይልቅ በፍጥነት ከከተማው ጋር ተላምደዋል፤ የተቀበላቸው ዘመድ ግን አንድ እንጀራ ለሁለት ሲከፍል የኖረውን ለአምስት መክፈል ነበረበት፤ በእርዳታ ዝርዝር ላይም ስሙ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረትን የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ 1187 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ተፈናቃይ ተመልሶ የመሄድ፣ ባለበት የመቆየት ወይም ሌላ ቦታ የመስፈር ምርጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። ድሬዳዋ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ስለሆነች ድሃ ቤተሰብ በአካባቢ ጽዳትና በመሳሰሉት ሥራዎች ተሰማርቶ ክፍያ የሚያገኝበትና የሚቆጥብበት መዋቅር በከተማዋ አለ። አዲስ ገቢውን በዚህ መዋቅር ማቀፍ ለእርሱ ብቻ አዲስ ድርጅት ከማቋቋም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ነባሩ ድሃና አዲሱ ድሃ አንድ ቦይ አብረው ሲጠርጉ «ለእነሱ ብቻ ተሰጠ» የሚለው ቅሬታ ይቀንሳል።

ስለ ስደተኞች ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ጅግጅጋ አካባቢ ያሉትን ካምፖች ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሸሹትን የተቀበለው ሐርቲሼክ በጊዜው ከዓለም ትልልቅ ካምፖች አንዱ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ቀብሪ በያህ፣ አውበሬና ሸደር ዛሬም አሉ። በካምፕ ውስጥ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ልጅ የወለደ ትውልድ አለ። አዋጅ 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማርና ልደትና ጋብቻ የማስመዝገብ መብት ሰጠ፤ በአፍሪካ ካሉት የስደተኛ ሕጎች ተራማጅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከድንበሩ ማዶ በላስ አኖድ የተነሳው ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ወደ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ሲያሻግር ሚርቃን ላይ የተዘረጋው ሠፈራ ከመነሻው ካምፕ እንዳይሆን፣ ስደተኛውና ነባሩ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንዲጋሩ ታስቦ ነው። ድሬዳዋ ካምፕ የላትም። ወደ እርሷ የሚመጣው ስደተኛ ዘመድ፣ ንግድ ወይም ትምህርት ፈልጎ የሚመጣ ነው፤ ስለሆነም ሕጉ ወረቀት ላይ የሰጠው መብት በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራ የሚፈተነው እንደ እርሷ ባሉ ከተሞች ነው።

በዚህ ረገድ ድሬዳዋ ብዙ ከተሞች የሌላቸው ሀብት አላት፤ ትምህርት ቤቶቿ። አንደኛ ደረጃ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል። ከጭናክሰን የተፈናቀለ ልጅም ሆነ ከሐርጌሳ የመጣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ክፍል ሊገባ ይችላል። ሠፈር ወርዶ ደግሞ ሦስቱንም ይቀላቅላል፤ ድሬ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ መጨረስ የተለመደ ነው። ለልጆች መላመድ ከዚህ የሚበልጥ ፕሮግራም አላውቅም፤ ለዚህም መምህራኑ፣ በተለይ በተጨናነቀ ክፍል ሌላ አግዳሚ ወንበር የሚጨምሩት፣ ከሚነገርላቸው በላይ ምስጋና ይገባቸዋል።

ድሬዳዋ የምትጠራበት «የፍቅር ከተማ» የሚለው ስም ግን ዋስትና አይደለም። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በከተማዋ የተነሱት ግጭቶች አብሮ መኖር የቆመው በየሠፈሩ በሚደረግ ጥረት ላይ እንደሆነ አሳይተዋል። ሥራ ሲጠብ፣ ኪራይ ሲወደድ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው አዲስ ገቢው ነው። አዋጅ 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይደነግጋል፤ ዘመድ የሌለውን ተከራይ የሚጠቅም ሕግ ነው፤ ግን ውሉን የሚያስመዘግበውም መታወቂያ ያለው ሰው ነው። ዙሩ ተመልሶ ወደ ቀበሌው መስኮት ይመጣል።

ፕሮጀክቶች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቆይተው በጀታቸው ሲያልቅ ይወጣሉ፤ አፎቻውና እድሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ለድሬዳዋ የእድር ዳኞችና የአፎቻ ሰብሳቢዎች የማቀርበው ጥያቄ አለ፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችሁ ላይ የመግቢያውን ክፍያ አጀንዳ አድርጉ፤ ለአዲስ ገቢ በየወሩ ከፋፍላችሁ ተቀበሉ። ለቀበሌዎቹም እንዲሁ፤ መሸኛ ለሌለው ሰው ሦስት የሠፈር ምስክርና የእድር ደብዳቤ በቂ የሚሆንበትን አሠራር በጽሑፍ አውጡ፣ ሠራተኛው በመመሪያ እንዲሠራ፣ ባለጉዳዩም ሰው ሳይለምን እንዲስተናገድ። ከተማዋ ይህን ለማድረግ ከውጭ የምትጠብቀው ገንዘብ የለም።